ልጆቹ ለፈተና ያውቁታል፣ ጣሳው ግን በርሜሉ ውስጥ ነው፤ ስለ ውሃ እንዴት እናስተምር?

መምህርት 4ኛ ቢ (ደሴ) | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ 4ኛ ክፍል አስተምራለሁ። አንድ ነገር ከብዶኝ ነው የመጣሁት።

ባለፈው ሳምንት ስለ መጠጥ ውሃ አጭር ፈተና ሰጠሁ። ክፍሌ ውስጥ 52 ልጆች አሉ። «ውሃን ለመጠጥ ንጹሕ ለማድረግ ምን እናደርጋለን?» ለሚለው ጥያቄ ከሁለቱ በቀር ሁሉም «አፍልተን፣ አቀዝቅዘን፣ በንጹሕ ዕቃ ከድነን እናስቀምጣለን» ብለው ጻፉ። ደስ ብሎኝ አርሜ ጨረስኩ።

ከዚያ ዕረፍት ተደወለ። የክፍላችን በር ላይ ሰማያዊ በርሜል አለ። ውሃው በፈረቃ ስለሆነ ሲመጣ ጥበቃው ይሞላዋል። ኳስ ሲጫወቱ የቆዩት ልጆች ተንጋግተው መጡ። ያለው አንድ ጣሳ ነው። አንዱ ይጨልፋል፣ ይጠጣል፣ የተረፈውን መልሶ በርሜሉ ውስጥ ይደፋል፣ ጣሳውን ለሚቀጥለው ያቀብላል። እጁ እስከ አንጓው ውሃው ውስጥ ይገባል። ያ እጅ ከደቂቃ በፊት ኳሱን ከቦይ ያወጣ እጅ ነው። 10 ከ10 ያገኘችው ልጅ ከሰልፉ ሦስተኛ ነበረች።

ምን ብዬ ልቆጣቸው? ያስተማርኳቸው ለወረቀት ነው። ሌላ ጣሳ ባመጣላቸውም ያንኑ ነው የሚያደርጉት።

ውሃ አለማባከንንም ሆነ ንጹሕ ውሃ መጠጣትን ከደብተር ወደ እጃቸው እንዴት እናውርደው? የሞከራችሁት ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። በጀት የለኝም። ያለኝ ጠመኔ፣ ባዶ ሃይላንድና ልጆቹ ናቸው።

የሐረጎ ነፋስ (ደሴ–ኮምቦልቻ) | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:50

መምህርት፣ ልፋትሽን አከብራለሁ። ግን እውነቱን እንነጋገር። እኛ ሰፈር ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው፣ ያውም ሌሊት። መብራት ከጠፋ ፓምፑ አይሠራም፣ ፈረቃችንም በዚያው ያልፋል። ልጄ «ውሃ አናባክን» የሚል መዝሙር ተምራ መጣች። ምኑን ታባክነዋለች? በአንድ ጀሪካን ነው ፊታችንን ታጥበን፣ ወጥ ሠርተን፣ ዕቃ አጥበን የምናድረው። ቁጠባን ለኛ ልጆች ማስተማር ለዓሣ ዋና እንደማስተማር ነው። መጀመሪያ ውሃው ይምጣ።

መምህርት 4ኛ ቢ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

ወንድሜ፣ ስለ ፈረቃው ያልከው ሁሉ ልክ ነው። እኔም ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቼ ጀሪካን የምሞላ ሰው ነኝ። ግን አንድ ነገር አስብልኝ። ውሃ በየቀኑ የሚመጣለት ልጅ ከቧንቧው ቀድቶ ይጠጣል። የኛ ልጅ ግን አምስትና ስድስት ቀን የተቀመጠ ውሃ ነው የሚጠጣው። በርሜል፣ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ጣሳ፣ የስንት ሰው እጅ። ውሃ በፈረቃ ሲሆን ትምህርቱ ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አይቀርም።

ላብራቶሪ ቤት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

መምህርት ጥሩ ቦታ ነክተሻል። እኔ የምሠራው ውሃ ምርመራ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የማየውን ልንገራችሁ። ቧንቧው አፍ ላይ የተቀዳው ናሙና ደህና ይሆናል። ቤት ውስጥ ከበርሜል የተቀዳው ግን ይወድቃል። ውሃው አንድ ነው፤ ልዩነቱ መንገድ ላይ ያገኘው ነገር ነው።

ለመጠጥ የሚሆን ውሃ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም ኢ.ኮላይ ሊገኝበት አይገባም። ኢ.ኮላይ ከሰውና ከእንስሳ አንጀት የሚመጣ ባክቴሪያ ነው። ተገኘ ማለት ዓይነ ምድር ውሃውን ነክቶታል ማለት ነው። በቧንቧ ውሃ ውስጥ ደግሞ ትንሽ ክሎሪን እንዲተርፍ ይፈለጋል፣ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ያህል። ያቺ ትራፊ ክሎሪን ጠባቂ ናት። ውሃው ሲቆይና ቆሻሻ ሲገባበት ታልቃለች። ሦስተኛው ቀን ላይ ልጁ እጁን ሲነክር የሚከላከልለት የለም።

አሁን ወደ ጠመኔሽ ልምጣ። ሰማያዊ ጠመኔ ፈጭተሽ የአሥር ልጆችን መዳፍ ቀቢ። ነጭ ባልዲ ውስጥ ጥርት ያለ ውሃ አድርጊ። በየተራ በጣሳ ይጨልፉ፣ እንደ ወትሯቸው። ምንም አትበዪ። ባልዲውን ብቻ ይዩ።

ሌላም አለ። ሁለት ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ቅጂ። አንዱ ውስጥ ትንሽ ጨው አሟሚ። «የትኛው ነው ውሃ ብቻ?» ብለሽ ጠይቂ። በዓይን መለየት አይችሉም። ከዚያ ይቅመሱ። ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ንጹሕ እንዳልሆነ ምላሳቸው ይነግራቸዋል።

ኡሙ ሂክማ (ኮምቦልቻ) | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:20

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። የጠመኔው ነገር ልቤን ነካው። ዓምና ትንሹ ልጄ ተቅማጥና ትውከት ይዞት ሁለት ቀን ጤና ጣቢያ ተኝቷል። ዓይኑ ገብቶ፣ ሲያለቅስ እንባ የለውም። እኔ የምግብ መስሎኝ ነበር። ነርሷ «ውሃውን በምንድን ነው የምትቀዱት?» ስትለኝ ነው የገባኝ። ቤታችን በርሜል ላይ ጣሳው ሁሌም ተንሳፍፎ ነው የሚውለው።

ከዚያ ወዲህ ታላቋን ልጄን ተቅማጥ የያዘው ልጅ የሚጠጣውን የሕይወት አድን አሠራር አስተማርኳት። ከጤና ጣቢያ ፓኬቱ ከተገኘ እሱ ይሻላል፣ በላዩ ላይ በተጻፈው ውሃ ልክ ነው የሚበጠበጠው። ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልሙጥ እንጂ የተቆለለ አይደለም። ጨው ሲበዛ ይጎዳል። ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ ማጠጣት፣ እየወሰዱም ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ። ይህን የ4ኛ ክፍል ልጅ በደንብ ይይዘዋል መምህርት። እናት ገበያ በሄደች ሰዓት ቤት የምትውለው እሷ ናት።

ስለ ቁጠባው ደግሞ እኛ ጋ የሠራው ነገር ይህ ነው። ዑስታዙ ልጆቹን ውዱእ (የሶላት ትጥበት) ሲያስተምር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ነገራቸው። ሙድ ማለት ሁለት እፍኝ ግድም ነው፣ አንድ ሊትር አይሞላም። ልጄ ቤት መጥቶ «የኔ ስንት ነው?» አለ። ለካነው፤ ሁለት ጆግ ነበር። አሁን ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሞልቶ ይይዝና በእሷ ይጨርሳል። ከኔ ቃል የዑስታዙ ቃል በለጠ፣ አልሐምዱሊላህ። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎችም ቢያግዙ ብዬ አስባለሁ።

የሐረጎ ነፋስ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:00

ኡሙ ሂክማ፣ ልጅሽን እንኳን አተረፈልሽ። ትናንት ትንሽ ተናድጄ ነበር የጻፍኩት። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ደሴ ብርድና ከፍታ ስለሆነ ውሃ በደንብ አይፈላም፣ ጀርሙም አይሞትም ሲሉ እሰማለሁ። እውነት ነው?

ጡረተኛ መምህር (ደሴ) | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:30

ልጆቼ፣ ይህ ጥያቄ የኔ ነው። 30 ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ።

ግማሹ እውነት ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ከባሕር ወለል እኩል በሆነ ቦታ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ውሃችን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ስለሆነች እዚያ 94 ግድም ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ላይ ሽሮ ስትሠሩ ቶሎ የሚበስለው በዚህ ነው። ይህንን በቴርሞሜትር ለልጆች ማሳየት እንዴት እንደሚያስደስታቸው! መጽሐፉ 100 ይላል፣ የነሱ ማንቆርቆሪያ ግን 92 ላይ ይንተከተካል። የራሳቸው ተራራ ፊዚክስ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ጀርሞቹ ግን 92 ዲግሪን አይችሉም። 70 ዲግሪ ላይ አብዛኞቹ በደቂቃ ውስጥ ያልቃሉ። ስለዚህ ደሴ ላይ የፈላ ውሃ የፈላ ውሃ ነው። ለጥንቃቄ ከ2,000 ሜትር በላይ ላሉ ቦታዎች የሚመከረው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ማቆየት ነው። በትናንሽ አረፋ ሲጀምር ማውረድ አይደለም፤ ሲገለባበጥ ነው። ከዚያ በዚያው ዕቃ ከድኖ ማቀዝቀዝ። የፈላውን ውሃ ያልታጠበ ጀሪካን ውስጥ የሚገለብጥ ሰው ከሰሉን በከንቱ አቃጠለ።

ሰኞ ገበያ (ደሴ) | ረቡዕ፣ ቀን 6:10

ጋሼ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ግን ከሰሉን ማን ይችለዋል? ለቡናና ለወጥ ያልበቃ ከሰል ለውሃ ከየት ይመጣል? ጎረቤቴ በበረኪና ነው የምታክመው። ጠብ ታደርግበታለች። ይሆናል?

ላብራቶሪ ቤት | ረቡዕ፣ ቀን 7:00

እህቴ፣ የከሰሉ ነገር እውነት ነው፤ ስለዚህ ማፍላት ብቻ ብሎ ማስተማር ደሃ ቤት አይገባም።

የልብስ በረኪናን ተዉት። ጥንካሬው ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል፣ ሲቆይ ይደክማል፣ ሽታና ሌላ ነገር የተጨመረበትም አለ። «ጠብ» የምትለው ልክ አይታወቅም። ለመጠጥ ውሃ ተብሎ የተሠራ አለ፤ ውሃ አጋር፣ አኳታብ የሚባሉትን ፋርማሲ ጠይቁ። በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ልክ ለ20 ሊትር ጀሪካን ይጨምሩ፣ ያነቃንቁ፣ 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ውሃው ከደፈረሰ መጀመሪያ ያጥልሉት፣ በንጹሕ ነጠላ ወይም ሻሽ እጥፍ አድርጎ። ጭቃው ክሎሪኑን ይበላዋል። ትንሽ ቢሸት አትደንግጡ፣ ያ ሽታ ጠባቂው እዚያው እንዳለ ነው የሚናገረው።

ምንም ወጪ የሌለው ደግሞ ፀሐይ ነው። ጥርት ያለ፣ ያልተጫጫረ፣ ቀለም የሌለው የ1 ወይም የ2 ሊትር ሃይላንድ ታጥቦ ውሃ ይሞላል፤ ቆርቆሮ ላይ አጋድሞ 6 ሰዓት ማስጣት ነው። ሰማዩ ከግማሽ በላይ ደመና ከሆነ ሁለት ሙሉ ቀን። ውሃው ድፍርስ ከሆነ አይሠራም። መለኪያው ቀላል ነው፦ ጠርሙሱን ጋዜጣ ላይ አቁሙት፣ ከአፉ ቁልቁል እዩ። የርዕሱ ፊደል ከተነበበ ይበቃል።

ሰኞ ገበያ | ረቡዕ፣ ቀን 7:20

ክረምት ላይ ደሴን ጉም ሲውጣት ፀሐይ ከየት ይመጣል ብዬ ነበር። ሁለት ቀን ማለት ነው እንግዲህ። ለበጋው ግን ነገውኑ እሞክራለሁ። ቆርቆሮ ሞልቶናል።

በርበሬ ወንዝ (ኮምቦልቻ) | ረቡዕ፣ ማታ 1:45

ሁላችሁም ስለ ጀርም ብቻ ነው የምታወሩት። እኔ ስለ ቦርከና ላንሳ። ከደሴ ተነስቶ በኮምቦልቻ አልፎ ወደ አዋሽ የሚወርድ ወንዝ ነው። በልጅነታችን እንዋኝበት ነበር። አሁን አንዳንድ ቀን ውሃው ቀለሙን ቀይሮ፣ አረፋ ይዞ ይወርዳል። ከላይ ከተማው ቆሻሻውን ይጥልበታል፣ ከታች የፋብሪካ ፍሳሽ ይገባበታል። ልጆች አሁንም ይዋኙበታል፣ ሰላጣና ጎመን ይለማበታል። መምህራን «ቀቅላችሁ ጠጡ» ካሉ ልጁ የቦርከናን ውሃ ቀቅሎ ንጹሕ ሆነ ብሎ አያስብም?

ላብራቶሪ ቤት | ረቡዕ፣ ማታ 2:30

ያስባል፤ ይህ ትምህርቱ ውስጥ መግባት አለበት። ማፍላት ሕይወት ያለውን ይገድላል። ቀለምን፣ ብረትን፣ ኬሚካልን ግን አያወጣም። እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይበልጥ ይወፍራል። የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባበት ውሃ በፀሐይም፣ በክሎሪንም፣ በእሳትም ለመጠጥ አይሆንም። ለልጅ እንዲህ በሉት፦ «ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ «አፈላሁት ወይ?» ከሚለው ይቀድማል።

ዋናውን ስላነሳህ ሌላም ልጨምር። ቢልሃርዝያ በአፍ ሳይሆን በቆዳ ነው የሚገባው። ትሉ ውሃ ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ይወጣና በእግር ሲገቡበት ቆዳን በስቶ ይገባል። በሐይቅ ከተማ አካባቢ ባሉ ተማሪዎች ላይ ተደጋግሞ የተገኘ በሽታ ነው። ለዚህ ማፍላት ምን ያደርጋል? ልጁ መስኖና ወንዝ ውስጥ ገብቶ እንዳይጫወት፣ ማንም ሰው ውሃ ዳር እንዳይጸዳዳ ነው ማስተማር። መድኃኒት አለው፤ ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ በትምህርት ቤት ዘመቻም ይሰጣል። ግን ተመልሶ ከገባ ተመልሶ ይይዘዋል።

ጎሚኒ (ደሴ፣ ቧንቧ ሠራተኛ) | ሐሙስ፣ ማለዳ 12:50

እኔ ብዙ አልጽፍም፣ ሥራ አለኝ። ሁለት ነገር ብቻ።

አንደኛ፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ። በየትምህርት ቤቱ አንዱ ሳይንጠባጠብ አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ የሞተው ውስጡ ያለው ጎሚኒ (ላስቲኩ) ነው፣ ዋጋው ትንሽ ነው። ልጆቹ ሥሩ ሃይላንድ ይደግኑ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ይጠብቁ፣ ይለኩ። ከዚያ ቀኑን ያሰሉት። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ አደረግሽው ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ያ በርሜል። ጣሳውን ብትቀይሪ፣ ልጁን ብትቆጪ፣ ክዳን ብታደርጊ፣ ጨላፊው እጅ እስካለ ድረስ ዋጋ የለውም። በርሜሉ ከሥሩ አራት ጣት ከፍ ብሎ ይበሳና ቧንቧ ይገጠምለት። ከታች ዝቃጩ ይቀራል። ድንጋይ ላይ ወይም ብሎኬት ላይ ይቀመጥ፣ ጣሳው ሥሩ እንዲገባ። እጅ የሚገባበት አፍ አይኖርም።

ላብራቶሪ ቤት | ሐሙስ፣ ጠዋት 2:15

ጎሚኒ ያለው ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። መምህርት፣ ያ ሰማያዊ በርሜል ከየት እንደተገዛ አጣሩ። ገበያ ላይ የሚሸጠው በርሜል ብዙው ቀድሞ ኬሚካል የነበረበት ነው። ኬሚካል የያዘ በርሜል በኦሞ ቢታጠብ፣ በፀሐይ ቢደርቅ ለመጠጥ አይሆንም። ዘይት ወይም የምግብ ነገር የነበረበት መሆኑ ካልታወቀ ለእጅ መታጠቢያ አድርጉትና ለመጠጥ ሌላ ፈልጉ።

ጡረተኛ መምህር | ሐሙስ፣ ቀን 9:00

ከቁጠባ ጋር የጣሪያውን ውሃ አትርሱት። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። 8 በ7 ሜትር የሆነ የክፍል ጣሪያ 56 ካሬ ነው። 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 560 ሊትር ይመጣል። ፈሶና ተረጭቶ የሚቀረውን ብንቀንስ እንኳ ከ20 ጀሪካን በላይ ነው። የመጀመሪያውን ዝናብ መድፋት ነው፤ የወፍ ኩስና አቧራ ጠርጎ ስለሚወርድ። ለእጅ፣ ለሽንት ቤት፣ ለችግኝ ይሁን። እንዲህ ከሆነ የቧንቧው ውሃ ለመጠጥ ይተርፋል።

እኔ የ1966ቱን ድርቅ በልጅነቴ አይቻለሁ። ውሃ ስቆጥር ሰው «ጋሽዬ ያበዛሉ» ይለኛል። አላበዛሁም።

መምህርት 4ኛ ቢ | እሑድ፣ ከሰዓት 10:20 (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ይቅርታ ቆየሁ። ሳልሠራ መመለስ አልፈለኩም። አሁን ልንገራችሁ።

ጠመኔውን አደረግነው። አሥር ልጆች መዳፋቸውን ሰማያዊ ቀብተው ተሰለፉ። የመጀመሪያው ሲጨልፍ ውሃው ላይ ቀጭን ጭስ የመሰለ ነገር ታየ። ሳቁ። አራተኛው ላይ ባልዲው ቀለል ያለ ሰማይ መሰለ። ሰባተኛው ላይ ሳቁ ቆመ። አሥረኛዋ ጣሳውን ይዛ ቆመችና ወደ ባልዲው አየች፣ ወደ እኔ አየች። «መምህርት፣ እኔ አልጠጣም» አለች። ጠጪ ያላት ሰው አልነበረም። ከኋላ አንድ ልጅ «ታዲያ በየቀኑ ምን ስንጠጣ ነው የቆየነው?» አለ። ያን ቀን የጻፍኩት ሰሌዳ የለም።

ጨዋማውንም ውሃ ሞከርን። ፊታቸውን ሲያጨማድዱ ብታዩ!

ከዚያ ቧንቧው። ግቢያችን ውስጥ ሦስት አሉ፣ አንዱ ይንጠባጠባል። ልጆቹ ሃይላንድ ደግነው በ40 ደቂቃ ግማሽ ሊትር ሞላ። በ24 ሰዓት ውስጥ 36 ጊዜ 40 ደቂቃ አለ፤ ስለዚህ በቀን 18 ሊትር። ሰሌዳው ላይ ጽፈን ልንጨርስ ስንል አንዱ እጁን አወጣ። «መምህርት፣ ውሃው እኮ በየቀኑ አይመጣም» አለኝ። ልክ ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ብለን እንደገና አሰላነው፤ 36 ሊትር ሆነ። ሁለት ጀሪካን ሊሞላ 4 ሊትር ሲቀረው። ክፍሉ ዝም አለ። ከነዚህ ልጆች ግማሹ ከትምህርት በፊት ቦኖ ተሰልፎ የሚመጣ ነው። 20 ሊትር ጀርባቸው ላይ ምን እንደሚከብድ ያውቁታል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ላስገባ፤ ለመምህራን ነው። አንዲት ልጅ ስታረፍድ እጇን እመታ ነበር። «ለምን አረፈድሽ?» ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ጀሪካኑን ስናወራ ነው የነገረችኝ። ቦኖው ላይ ትልልቆቹ ወደፊት ይገቡባታል፣ ተራዋ እስኪደርስ ደወሉ ይደወላል። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ውሃ ቀድቶ የሚያረፍድን ልጅ በር ላይ አታስቁሙት።

ሌላም ቆጠርን። ለቀን ተማሪ ቢያንስ 5 ሊትር በነፍስ ወከፍ ይፈለጋል ይላል የዓለም ጤና ድርጅት። ለ52 ልጅ 260 ሊትር፣ 13 ጀሪካን ማለት ነው። የኛ በርሜል ጢም ብሎ ሲሞላ 200 ሊትር ነው። ልጆቹ ይህን ራሳቸው አስልተው ለርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ ጻፉ። ሁለተኛ በርሜል ተፈቅዶልናል። የድሮው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ስላልተገኘ፣ ላብራቶሪ ቤት እንዳልከው ለእጅ መታጠቢያ አደረግነው። አዲሱ የምግብ ዘይት የነበረበት ነው፣ ከነጽሑፉ አይተን ገዛነው።

የሐረጎ ነፋስ | እሑድ፣ ከሰዓት 11:00

ለልጁ «ውሃው በየቀኑ አይመጣም» ላለው ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የኔ ልጅም ቤት ውስጥ ጀሪካን ማጠብ ጀምራለች። ጠጠርና ሳሙና ከትታ ታንቀጫቅጨዋለች። ከውስጡ የወጣውን አረንጓዴ ልጋግ ስታሳየኝ ራት አልበላሁም። ስንት ዓመት እሱን ስንጠጣ ኖርን።

መምህርት 4ኛ ቢ | እሑድ፣ ማታ 1:30

አንድ ነገር ቀረ። ከሁለት ሳምንት በፊት ረቡዕ ዕለት አንዲት አያት ትምህርት ቤት መጡ። ነጠላቸውን አደግድገው፣ ተቆጥተው። «የልጅ ልጄ ጣሳዬን ከበርሜል አውጥታ ወረወረችው፤ እናንተ ናችሁ ያስተማራችኋት?» አሉኝ። ወንበር ሰጠኋቸው። ልጅቷን ጠራኋትና ጠመኔውን ለእማማ እንድታሳያቸው ነገርኳት። አሳየቻቸው። እማማ ባልዲውን ረጅም ጊዜ አዩት።

ከዚያ እንዲህ አሉ። «እኛስ ድሮ እንስራ ውስጥ እጅ መች እናስገባ ነበር? ቅል ነበረን። ረጅም አንገት ያለው። እሱም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል እንጂ መሬት አይቀመጥም። ለእንግዳ ውሃ የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ እጁን ይታጠባል። እንስራውም በወይራ ይታጠናል። ይህ ጀሪካንና ጣሳ ሲመጣ ነው የተውነው።»

አርብ ዕለት ተመለሱ። ቅል ይዘው። አንገቱ ክንዴን ያህል ነው፣ ከአያያዝ ብዛት ወዝቷል። በርሜላችን አጠገብ ሚስማር መትተን ሰቀልነው። ልጆቹ በተራ አንድ ቀጂ ይመርጣሉ፤ እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ ለሁሉም እሱ ይቀዳል፣ ሌላ ሰው አይነካውም። ጣሳ እያንዳንዱ ከቤቱ ያመጣል። እስካሁን ሁለት ሳምንት ሆነው፤ ሲረሱ እንኳ እርስ በርስ ይተራረማሉ።

ግን ጎሚኒ እንዳልከው ቧንቧ ቢገጠምለት ይሻላል። ቅሉ እንዲሰበር አልፈልግም፣ የእማማ ነው።

ኡሙ ሂክማ | እሑድ፣ ማታ 1:50

ማሻአላህ! እናቴም ቅል ነበራት። ነገ ጠይቄ አስፈልገዋለሁ። ለእማማ ሰላም በይልኝ።

ጎሚኒ | እሑድ፣ ማታ 2:10

መምህርት፣ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት እመጣለሁ። የእጅ ዋጋ አልቀበልም። ኒፕልና ቴፍሎን ከኔ። የሚንጠባጠበውንም ያኔውኑ ጎሚኒውን እቀይረዋለሁ። እሱ ቧንቧ ግማሽ ኢንች ነው ወይስ ሦስት ሩብ?

መምህርት 4ኛ ቢ | እሑድ፣ ማታ 2:25

ግማሽ ኢንች ነው። ልጆቹ በማስመሪያ ለክተውታል። ቅዳሜ ትምህርት የለም፣ ግን ከአሥራ አምስት በላይ የሚሆኑት ስትሠራ ማየት እንፈልጋለን ብለዋል። ቢመጡ ያስቸግሩሃል?

ጎሚኒ | እሑድ፣ ማታ 2:30

ይምጡ። አንዱ መፍቻ ይይዝልኛል።